የመጀመሪያው እትም ምስክርነት

የአንድን የግጥም መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም ከኋለኞቹ ለይቶ ማወቅ ገንዘብ የተረፋቸው ሰብሳቢዎች ጨዋታ እንጂ የመምህርና የኪነ ጥበብ ሰው ጉዳይ አይደለም የሚሉ ወገኖች አሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ያሳስታል።

እውነተኛው ግማሽ በገበያ ላይ ይታያል። የቲ. ኤስ. ኤልየት «ዘ ዌስት ላንድ» እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1922 በኒው ዮርክ በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ የታተመው 1,000 ያህል ቅጂ ነበር። ኅትመቱ ሳያልቅ በገጽ 41 ላይ ከአንዲት ቃል መካከል አንዲት ፊደል ወደቀች። ዛሬ ነጋዴው ቅጂውን ገልጦ የሚፈልገው ያቺኑ ፊደል ነው፤ ካለች ዋጋው ይወጣል፣ ከሌለች ይወርዳል። በግጥሙ ሐሳብ ላይ ግን የተጨመረም የተቀነሰም የለም። እንዲህ ያለው ልዩነት ከሥነ ጽሑፍ ይልቅ የሚጠቅመው ሸቀጡን ነው።

ይሁን እንጂ የዚያው ግጥም ታሪክ ሌላም ያስተምራል። ግጥሙ በዚያው ዓመት በኦክቶበር በለንደኑ «ክራይቴሪየን»፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ «ዳያል» መጽሔት የወጣው ያለ ማስታወሻ ነበር። የገጣሚው ማስታወሻዎች የመጡት ከመጽሐፉ ጋር ነው። ይህን ሳያውቅ የሚያስተምር መምህር የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ከማስታወሻ ጋር ያነበቡ ያስመስላል።

ከዚህ የከበደው ማስረጃ የደብልዩ. ኤች. ኦደን «ስፔን» ነው። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1937 በለንደን፣ በፌበር ኤንድ ፌበር አሳታሚነት በቀጭን ጥራዝ ሲወጣ፣ የደራሲው የሽያጭ ድርሻ የተመደበው በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ለነበረችው ስፔን የሕክምና ርዳታ ነበር። በ1940 ገጣሚው ቃላት ለውጦና ስንኞች ቀንሶ አወጣው፤ በ1966 ባወጣው የአጫጭር ግጥሞቹ ስብስብ ግን ጨርሶ ተወው። የመጨረሻው እትም ይበቃኛል የሚል አንባቢ እንዲህ ያለ ግጥም መኖሩን እንኳ አያውቅም።

«ደራሲ ሥራውን የማረም መብት የለውምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አለው። ያለፈውን ቃሉን ከሕዝብ ትዝታ የመፋቅ መብት ግን የለውም። ሜሪያን ሙር በ1967 «ግጥም» የተሰኘውን ሥራዋን ወደ ሦስት ስንኝ ስታሳጥር ረዥሙን በዚያው መጽሐፍ የማስታወሻ ክፍል አኖረችው፤ ፍርዱን ለአንባቢ ተወችለት። ሐቀኛው መንገድ ይህ ነው።

እትምን መለየት ለሁሉም የሚቻል ሥራ ነው። የርእሱን ገጽ ጀርባ ማንበብ፣ ከመጀመሪያው የኅትመት ዓመት በታች ሌላ ኅትመት መመዝገብ አለመመዝገቡን ማየት፣ የቀድሞውን ገጽ እንዳለ ገልብጠው የሚወጡ ድጋሚ ኅትመቶችን በወረቀታቸውና በጥረዛቸው መመርመር ይጠይቃል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ያረጀውን መጽሐፍ ሲያስጠርዝ ዋጋና የአሳታሚ ማስታወቂያ ያለበትን የወረቀት ሽፋን ከመጣል ይቆጠብ፤ መምህሩም ግጥም በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የእትሙን ዓመት አብሮ ይጻፍ። ነጋዴው ለፊደሏ ዋጋ ያውጣላት፤ የቃሉን ታሪክ መጠበቅ ግን የመምህሩና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊነት ነው።