አረፋው ሲጠፋ

በእኛ በቡታጅራ «አረፋ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው በዓሉ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም የወጣው ልጅ ሁሉ ወደ አባቱ ደጅ የሚመለስበት፣ ከተማው ከአፍ እስከ ገደፉ የሚሞላበት። ሁለተኛው በሳሙና ውኃ፣ በሚፈላ ድስት አፍ፣ በክረምት ጎርፍ ጫፍ ላይ የምናየው ነጭ ነገር ነው። የመጀመሪያውን እናከብራለን፤ ሁለተኛውን እንንቃለን። ፍሬ የሌለው ንግግር ሲያሰለቸን «አረፋ ነው» እንላለን፤ በቁጣ የሚንዘረዘረውን ሰውም «አረፋ ደፈቀ» ብለን እንሳለቅበታለን።

ዛሬ ለተናቀው አረፋ ጥብቅና ልቆም ነው። ክርክሬም አጭር ነው፤ አረፋ ሁልጊዜ የቆሻሻ ምልክት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ቆሻሻው እየወጣ ለመሆኑ ምስክር ነው። ምስክሩ ድንገት ዝም ሲል ደግሞ ውኃው ጸዳ ብሎ መደሰት የዋህነት ነው።

ነገሩን ያነሣብኝ በውጭ አገር የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው። በቤቱ የመስታወት ገንዳ አቁሞ፣ የባሕር ውኃ ሞልቶ፣ ኮራልና ዓሣ ያኖራል። ባሕር የሌላት አገር ልጅ ባሕርን ሳሎኑ ድረስ ማስገባቱ ራሱን የቻለ ግጥም ነበር፤ እኔን የያዘኝ ግን ገንዳው አይደለም፤ ከገንዳው ሥር ሌት ተቀን የሚሠራው አንድ መሣሪያ ነው። «ፕሮቲን ስኪመር» ይሉታል። እኔ በአማርኛችን «አረፋ ገፋፊ» ብዬዋለሁ። በአረፋ ሰሞን ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ስለዚህ መሣሪያ ጠባይ፣ በተለይም ዓሣዎቹን ባበላ ቁጥር ስለሚያኮርፈው ኩርፊያ፣ ሲያወጋኝ አመሸ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከርሜአለሁ።

የመሣሪያው ጥበብ ሩቅ አይደለም። ቀጥ ባለ ቱቦ ውስጥ የገንዳው ውኃ ከእጅግ ጥቃቅን የአየር እንክብሎች ጋር ይገናኛል። ከዓሣው እዳሪ፣ ከተረፈው ምግብ፣ በገንዳው ውስጥ ከሚሞተው ነፍስ ሁሉ ወደ ውኃው የሚገባው ፕሮቲንና መሰሉ ነገር ሁለት ጠባይ አለው፤ አንዱ ጫፉ ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ከውኃ ይሸሻል። ሸሺው ጫፍ መጠለያ ሲፈልግ የአየሯን እንክብል ያገኛትና በገላዋ ላይ ይለጠፋል። እንክብሏ ሸክሟን ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች። እንደ እሷ ያሉት ተደራርበው አረፋ ይሆናሉ፤ አረፋው በቱቦው አንገት እየተገፋ ሄዶ ከላይ ካለው ኩባያ ውስጥ ይወድቃል። እዚያ የሚጠራቀመው ቡናማ፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ፈሳሽ ነው። ያ ፈሳሽ በገንዳው ውስጥ በስብሶ መርዝ ሳይሆን የተወሰደ እድፍ ነው። በጨዋማ ውኃ ውስጥ የአየር እንክብሎች ቶሎ እየተዋሐዱ ስለማይተልቁ መሣሪያው ከወንዝ ውኃ ይልቅ ለባሕር ውኃ ይስማማል።

አሁን ምግቡን እንመልከት። ለእነዚህ ዓሦች ከሚሰጡት ቀለቦች ዋነኛው በፍሪዘር የጠነከረ ነው፤ ትናንሽ ሽሪምፖች ወይም የተከተፈ የባሕር እንስሳ ሥጋ ከውኃ ጋር ተደርጎ፣ ስኳር በሚያካክሉ ኩቦች ተቆራርጦ ይሸጣል። ባለገንዳው አንዱን ኩብ አንሥቶ ውኃው ላይ ይጥላል። በረዶው ሲሟሟ የሚወጣው ዓሣው የሚጎርሰው ሥጋ ብቻ አይደለም። ውርጩ የሰነጠቀው የሥጋ ሕዋስ ያዘለው ጭማቂ፣ የደቀቀው ብናኝና ዘይቱም አብሮ ይፈታል። ሥጋውን ዓሣው ይቀልበዋል፤ ጭማቂውን ግን የሚጎርስ አፍ የለም። በቀጥታ የውኃው ዕዳ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ አረፋ ገፋፊው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዳንዴ ይገነፍላል፤ ውኃ ያረገዘ ልል አረፋ ይተፋና ኩባያውን በደቂቃዎች ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ በቱቦው አንገት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው አረፋ ድንገት ይሞታል። ምክንያቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ መግባት አያሻም፤ የቡታጅራ ማጀት ይበቃል። ክትፎ የተበላበትን ሳህን ያጠበ ሰው ያውቀዋል። ሳሙናው ሌላው ዕቃ ላይ እንደ ጥጥ ሲነሣ ቆይቶ፣ ንጥር ቅቤ የነካውን ሳህን ሲያገኝ ወዲያው ይከስማል። ቅባት በአረፋው ስስ ገላ ላይ ይንጣለልና ያሳሳዋል፤ የሳሳው ይፈርጣል። በኩቡ ውስጥ ያለው ዘይትም በመሣሪያው አንገት ላይ ይህንኑ ይሠራል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ዘይቱ ሲበተንና በውኃው ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ሲበሉት፣ አረፋው ቀስ ብሎ ይመለሳል።

እኔን ያስደነቀኝ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የሚሆነው ነው። ልብ በሉ፤ ወደ ውኃው አዲስ እድፍ የገባው አሁን ነው። ጭማቂውም፣ ብናኙም፣ የጠገቡት ዓሦች እዳሪም የሚጨመረው አሁን ነው። መሣሪያው እጅግ የሚፈለግበት ሰዓት ዝም የሚልበት ሰዓት ነው። ኩባያውን አይቶ የሚፈርድ እንግዳ ደግሞ፣ ምንም ቡናማ ነገር ስለማይወድቅ፣ «ውኃው እንዴት ጸድቷል!» ሊል ይችላል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት አበው እንዲህ ያለውን ጊዜ አይተው ይመስለኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በዚህ ላይ ባለገንዳዎቹ በሁለት ጎራ ተከፍለው ሲከራከሩ ኖረዋል። የመጀመሪያዎቹ «እጠበው!» ይላሉ። ኩቡን በትንሽ ውኃ አሟሙተህ፣ በጥሩ ወንፊት አጥልለህ፣ ጭማቂውን ደፍተህ ሥጋውን ብቻ ስጥ ነው ምክራቸው። ለእኛ ይህ እንግዳ ምክር አይደለም። እናቶቻችን የዶሮውን ሥጋ በሎሚና በጨው ደጋግመው፣ ውኃው ኩልል ብሎ እስኪወርድ ድረስ፣ የሚያጥቡት ለምን ሆነና! ሁለተኛዎቹ ግን «አትድከሙ» ይላሉ፤ አልጌን የሚያሰባው ፎስፌት በአብዛኛው ያለው በሥጋው ውስጥ እንጂ በጭማቂው ውስጥ አይደለም፤ ዓሣው በልቶ ሲያወጣው መግባቱ አይቀርም ባይ ናቸው።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ማጠብ አረፋውን ከድንገተኛ ሞት ያድናል፤ ዘይቱንና ብናኙን ያስቀራልና። ነገር ግን የታጠበ ትርፍ ምግብም ትርፍ ነው። አምስት ኩብ አጥቦ ከመስጠት አንድ ኩብ መጥኖ መስጠት ይሻላል። ማጠቡን ከመመጠን ጋር ያላጋባ ሰው የቆሻሻውን መልክ ለወጠ እንጂ አልቀነሰም።

ሦስተኛ ጎራም አለ፤ እኔ የምቃወመው ይህን ነው። አረፋው በሞተ ቁጥር «መሣሪያው ቢያንስ ነው» ብሎ ተለቅ ያለ መሣሪያ ለመግዛት የሚሮጠው ነው። የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኬን ፌልድማንና ባልደረቦቻቸው በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ጥናቶች የተለያዩ አረፋ ገፋፊዎችን ፈትሸው ነበር። መሣሪያዎቹ በውኃው ውስጥ ከሚለካው ኦርጋኒክ ካርቦን ማውጣት የቻሉት ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ከአየር እንክብል ጋር መለጠፍን የማይወድ ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ የሟሟውንማ አረፋ ጨርሶ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ትልቁም ትንሹም መሣሪያ ረዳት ነው እንጂ አዳኝ አይደለም። ሚዛኑ ያለው ኩቡን በያዘው እጅ ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለትም ይኸው ነው።

ውድ አንባቢ፣ «በቡታጅራ ተቀምጠህ የማታየውን ገንዳ ምን አስጨነቀህ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሴ በመቂ ወንዝ በኩል ይሄዳል። ከጉራጌ ደጋ የሚነሣው መቂ የተዳፋታችንን ውኃ እየለቀመ ቁልቁል ወርዶ ደምበል ሐይቅ ይገባል፤ ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንለው ነው። ደምበል ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ2 ሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ጋን አይደለም፣ ዝርግ ሳህን ነው። የቀረሶና የአምባዛ ቤት የሆነው ይህ ሳህን በየክረምቱ ከላይ የሚላክለትን ይቀበላል፤ የታጠበ አፈር፣ ከማሳ የተረፈ ማዳበሪያ፣ ከየከተማው ቦይ የወጣ እጣቢ። በዳርቻው ያሉት የአበባና የአትክልት እርሻዎችም ድርሻቸው አለ። እኛ የላይኞቹ ሐይቁን ስለማናየው እየመገብነው መሆኑን አናስብም። የምንልክለት ግን ዓሣው የሚበላውን ሳይሆን ማንም የማይጎርሰውን ጭማቂ ነው።

ሐይቅ ኩባያ ያለው መሣሪያ የለውም። አረፋ ገፋፊው ዳርቻው ላይ የቆመው ፊላና ደንገል፣ ጎርፉን አዘግይቶ ደለሉን የሚያስቀረው ረግረግ ነው። ያንን አርሰን፣ አጭደንና አድርቀን ስናበቃ የሐይቁን አንገት ቆረጥን ማለት ነው። ከዚያ የጠገበ ውኃ ሌላ ምስክር ያበቅላል። በጣና በ2011 እ.ኤ.አ. የታወቀው፣ በደምበልም የታየው እምቦጭ እንዲህ ያለ ምስክር ነው። ሕዝቡ በጣና በዘመቻ ወጥቶ በእጁ ነቀለው፤ ተመልሶ መጣ። የሚመግበው ከላይ እስካልተመጠነ ድረስ መንቀል ብቻውን ኩባያ እንደ መድፋት ነው።

ከከተማችን ወደ ደቡብ ብዙም ሳይርቅ፣ በስልጤ ምድር፣ ሀረ ሸይጣን የሚባል ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ውኃ ነው። ከአፋፉ ላይ ቆመው ድንጋይ ቢወረውሩ ውኃው ላይ አይደርስም ይባላል። ይህን አፈ ታሪክ እወደዋለሁ፤ የሚወረወርበትን የማይቀበል ሐይቅ መመኘት የነበረ ሐሳብ መሆኑን ይነግረኛልና። ደምበል ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። የወረወርነው ሁሉ ይደርሰዋል።

ስለ አረፋው መሞት ሳስብ የእኛው የሥነ ጽሑፍ መንደርም ትዝ ማለቱ አልቀረም። ሒስ የድርሰት አረፋ ገፋፊ ነው። ያስጨንቃል፣ ይከረፋል፣ ኩባያው ሲደፋ ማንም አጠገቡ መቆም አይወድም፤ ሆኖም የሚወስደው ከድርሰቱ መውጣት ያለበትን ነው። መጽሐፍ በሚመረቅበት አዳራሽ ቅቤ አንጓቹ ሲበዛ ያ አረፋ ጸጥ ይላል። ሁሉም ያጨበጭባል፣ ኩባያው ባዶ ይሆናል፣ ደራሲውም ሥራው የጸዳ መስሎት ወደ ቤቱ ይገባል። የተነገረው ምስጋና ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ቅቤም እኮ ምግብ ነው። ግን ካልተመጠነ የሚያጠፋው እድፉን ሳይሆን የእድፉን ምስክር ነው።

የአጎቴ ልጅ አሁን ኩቡን በቡና ሲኒ ያሟሟል፤ በሻይ ማጥለያ ያጠልላል፤ የቀድሞውን ግማሽ ብቻ ይሰጣል። መሣሪያው ከምግብ በኋላ ማኮረፉን ፈጽሞ እንዳልተወ፣ ኩርፊያው ግን እንዳጠረ ነግሮኛል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ሲኒ፣ አንድ ማጥለያ፣ አንድ የተገታ እጅ። ለደምበል ዋጋው ይህን ያህል ቀላል አይሆንም፤ እርከን፣ የተጠበቀ የወንዝ ዳር፣ በልኩ የሚነሰነስ ማዳበሪያ፣ ወደ ወንዝ የማይከፈት ቦይ ይጠይቃል። ሥርዓቱ ግን አንድ ነው፤ ውኃ ከመበከሉ በፊት ወደ እሱ የሚገባውን መመልከት። እስከዚያው በመንገድ ዳር ጎርፍ ላይ አረፋ ስታዩ አፍንጫችሁን ይዛችሁ አትለፉ፤ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ባጣችሁት ቀን ደግሞ ጥያቄውን አበርቱት።