አዲሱ ሞኒተርና የክፍላችን ብርሃን

 

የዚህ ወር ርእሳችን ለብዙዎቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። የኮምፒውተር ሞኒተር ብርሃንና ቀለም ማስተካከል ደግሞ ምን ዓምድ የሚያስይዝ ጉዳይ ነው ልትሉም ትችላላችሁ። እኛም ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቢሆን እንዲሁ እንል ነበር። ዳሩ ግን ይህን ተራ ነገር ባለማወቃችን አንድ ልጅ በድለናልና ታሪኩን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ጀሞ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ከዐስር ሶላት በኋላ ስድስት የጎረቤት ልጆችን ቁርኣን እናስቀራለን። የተጅዊድ ሕጎችን በቀለም የሚለየው ሙስሐፍ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ስድስት ልጅ በአንድ ገጽ ላይ ሲያጎነብስ ትምህርቱ ወደ ግፊያ ይለወጣል። ስለሆነም ከመርካቶ ባለ 24 ኢንች አዲስ ሞኒተር ገዝተን ከአሮጌው ኮምፒውተራችን ጋር አገናኘነውና ገጹን በስክሪን አጉልተን ማስቀራት ጀመርን። ከካርቶኑ እንደወጣ ሰካነው፤ አንድም ቁልፍ አልነካንም። ብርሃኑ ክፍሉን ሲሞላው «ማሻአላህ!» አልን።

ይህን ሙስሐፍ ላላያችሁ ጥቂት እናስረዳ። በእኛ እጅ ባለው ኅትመት መድ የሚሳብበት ርዝመት በቀይ ቀለም ደረጃዎች ይለያል። ጠቆር ያለው ቀይ ስድስት ሐረካ የሚሳበውን፣ ደማቁ ቀይ አራት ወይም አምስት የሚሳበውን፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላው ደግሞ ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት የሚፈቀድበትን ያመለክታል። ጉና በአረንጓዴ፣ ቀልቀላ በውሃ ሰማያዊ፣ የማይነበብ ፊደል በግራጫ ይታያል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በስድስትና በአራት ሐረካ መካከል ያለው ልዩነት ለልጁ ዓይን የአንድ ቀይ ቀለም መጥቆርና መፍካት ብቻ ነው።

ከልጆቹ መካከል የአሥር ዓመት ልጅ አለ። በሱረቱል ሓቃ መጀመሪያ ላይ ስድስት የሚሳበውን አራት ላይ ይቆርጠዋል። አንድ ቀን አረምነው፤ በማግስቱም ያው ነው። በሦስተኛው ቀን በጓደኞቹ ፊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተቆጣነው።

«ኡስታዝ፣ ከዚህ ሆኜ ሳየው ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ነው» አለን፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሰበብ መሰለን። «ቀለሙን ሳይሆን ልብህን ሰብስብ» ብለን አለፍነው። ማታ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛ አለን። ተነስተን ሞኒተሩን ከፈትንና ልጁ በሚቀመጥበት ምንጣፍ ጫፍ፣ ከጠረጴዛው ዝቅ ብለን ወደ ጎን ተቀመጥን። ልጁ እውነቱን ነበር። ከዚያ ቦታ ጠቆር ያለውና ደማቁ ቀይ አይለዩም፤ ግራጫዎቹ ፊደላት ደግሞ ከነጩ ገጽ ጋር ተቀላቅለው ጠፍተዋል።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛው የስክሪኑ ዓይነት ነው። ቲ ኤን የሚባለው ርካሽ ስክሪን ፊት ለፊት ሲያዩት ደህና ሆኖ፣ በተለይ ከታች ሲመለከቱት ቀለሙ ይለወጣል። አይ ፒ ኤስ የሚባለው ከየትኛውም አቅጣጫ በተሻለ ሁኔታ ቀለሙን ይጠብቃል። ለአንድ ሰው የቢሮ ሥራ የመጀመሪያው ይበቃ ይሆናል፤ ልጆች ዙሪያውን ለሚቀመጡበት ቤት ግን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ዋጋውን ብቻ አይተን ገዛን።

ሁለተኛው ጥፋት ፋብሪካው ያስቀመጠውን እንዳለ መተዋችን ነው። ሞኒተር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ብርሃኑ ከፍ ተደርጎ፣ ቀለሙም እንዲደምቅ ተደርጎ ነው። በሱቅ መብራት ሥር ከሌሎች ጋር ተደርድሮ የገዢን ዓይን መሳብ አለበትና። ቀለም በጣም ሲደምቅ ደግሞ ደረጃዎቹ ይጠፉና ቀዮቹ ሁሉ አንድ ይሆናሉ።

በልጅነታችን በእንጨት ሉህ ላይ ስንቀራ የሚያስቸግረን ነገር ቢኖር የክፍሉ ጨለማ ነበር። ሲመሽ ሉሃችንን ይዘን ወደ በሩ እንጠጋለን፤ በቃ። ሉህም ወረቀትም የራሱ ብርሃን የለውም፤ ክፍሉ የሚሰጠውን ይቀበላል። ስክሪን ግን የራሱን መብራት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከክፍሉ ጋር ማስማማት ያለብን እኛው ነን። ይህን ከተረዳን በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ።

መጀመሪያ ሞኒተሩን ከመስኮቱ አዞርነው። መስኮታችን ወደ ምዕራብ ስለሆነ የዐስር ፀሐይ ቀጥታ ስክሪኑ ላይ ያርፍ ነበር። ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ከፍተን አቆየነው፤ መብራቱ ሳይረጋ ቀለም መዳኘት አይገባምና። ቀጥሎ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዝን። ስክሪኑ እንደ ፋኖስ ካበራ ብርሃኑን ቀንሱ፤ ከወረቀቱ አንሶ አመድ ከመሰለ ጨምሩ። ሁለቱ ሲቀራረቡ አቁሙ። የእኛ ከ100 ወደ 35 ወረደ። ብዙዎቹ የዛሬ ሞኒተሮች እስከ 250 ወይም 300 ካንዴላ በካሬ ሜትር ማብራት ይችላሉ፤ ቤት ውስጥ ለማንበብ ግን ከ100 እስከ 120 አካባቢ ይበቃል። ወረቀቱ ግን ከቁጥሩ ይሻላል፤ በክረምት ደመና ያስተካከላችሁት ለጥቅምት ፀሐይ አይሆንምና።

ኮንትራስቱን ፋብሪካው ባስቀመጠው አካባቢ ተዉት። ከመጠን በላይ ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚጠፉት ፈዛዛ ቀለሞች ናቸው፤ ለእኛ መለኪያ የሆኑን እነዚያ ግራጫ ፊደላት ናቸው። ቀለሙን ደግሞ «ቪቪድ» ከሚለው አውጥተን «ኤስ አር ጂ ቢ» ወደሚለው አዞርነው። ይህ ኤች ፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት የጋራ የቀለም መለኪያ ነው። በእናንተ ሞኒተር ላይ ከሌለ የቀለም ሙቀቱን 6500 ኬልቪን አድርጉት፤ ከቀን ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ነው። «ሻርፕነስ» የሚለውንም አታብዙት፤ በፊደላት ዙሪያ ጥላ ይፈጥራል። «ሊ»ን ከ«ሌ» የምትለይ ያቺ ትንሽ ቀለበት፣ ወይም ከስራና ፈትሓ፣ በእንዲህ ያለ ጥላ ትደፈናለች።

የማታ ብርሃን የሚባለው፣ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚያዞረው፣ ከመግሪብ በኋላ ጽሑፍ ለማንበብ ደህና ነው። በቀለም የተለየ ሙስሐፍ ስታስቀሩ ግን አጥፉት፤ ቀዩንና ብርቱካኑን ይቀላቅላል። ስለ ሰማያዊ ብርሃን የሚወራውም ብዙ ነው፤ የሚሸጠው መነጽርም እንዲሁ። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ከኮምፒውተር የሚመጣው ብርሃን ዓይንን እንደሚጎዳ ማስረጃ የለም ይላል። ዓይን የሚቆረቁረው በይበልጥ ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገባችን ስለሚቀንስ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ማየት ይረዳል፤ እኛ ልጆቹን በመስኮት ወደ ውጭ እንዲያዩ እናደርጋለን፤ እነሱም ደስ ይላቸዋል።

አንድ ነገር ለወላጆች። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ልጃችሁ ቀይና አረንጓዴ ካምታታ አትቆጡት። ቀለም የመለየት ችግር ብዙውን ጊዜ በውልደት የሚመጣ ሲሆን ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ አስቀሪውም የመዱን ሕግ ከምልክቱ እንዲያስተምረው ንገሩት።

በማግስቱ ልጆቹ ሲመጡ ሞኒተሩን ከመጻሕፍት ክምር ላይ አንስተን ዝቅ አድርገነው፣ ወደ እነሱም አዘንብለነው አገኙት። ያንን ልጅ መሐል አስቀመጥነውና በጓደኞቹ ፊት «ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ አንተ ያየኸውን ነው የተናገርከው» አልነው። ምንም አልመለሰም። ሱረቱል ሓቃን ከፈትንለት፤ ስድስቱን ሐረካ በጣቱ እየቆጠረ ሳበው።