መፍቻ ያልነካ እጅ

ባለፈው ክረምት ከጓደኞቻችን ጋር ወደ ገጠር ስንጓዝ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ፈነዳ። ጊዜው መሽቶ ነበር፤ ዝናቡም አላባራም። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አምስታችን ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅን ነን፤ ከአምስታችን አንዱም፥ ስሙን ለመጥራት ባንደፍር፥ የተማረው ምሕንድስና ነው። ይሁን እንጂ ክሪኩ ከመኪናው ሆድ በታች በየትኛው ስፍራ መደገፍ እንዳለበት የሚያውቅ ከመካከላችን አልተገኘም። ሾፌሩና ረዳቱ ወረዱ። ረዳቱ ከዐሥራ ስድስት ዓመት የማይበልጠው ልጅ ነው። እኛም ሥራ ፈትተን ላለመታየት የእጅ ባትሪ ይዘን ከኋላው ቆምን። ልጁ ቀና እንኳ ሳይል፥ «ጋሼ፥ ጥላዎ ጋረደኝ፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለን። ፈቀቅ አልን።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ይህች ቃል ከጆሮአችን አልወጣችም። እኛ ስለ ማንሻ ሕግ በክፍል ውስጥ ተፈትነን መልካም ነጥብ አግኝተናል፤ ልጁ ግን ማንሻውን ራሱን ያውቀዋል። እርሱ ደግሞ በበኩሉ ስለ ማንሻ የተጻፈውን አንብቦ ወደ ምሕንድስና የሚያልፍበት በር ጠቦታል። እንግዲህ ሁለታችንም ጎደሎዎች መሆናችንን ሳንሸሽግ፥ ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ እንመልከት።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ነው። ከጋራዥ ደጃፍ ያረጀ ኩሽኔታ ለምኖ፥ ከጣውላ ጋር አጋጥሞ፥ የፊቱን እንጨት በገመድ እየመራ ቁልቁለቱን የሚንደረደር ልጅ ያላየ የከተማ ሰው የለም። ያ ጋሪ መሪ አለው፤ ፍሬንም አለው፤ ፍሬኑ የልጁ ጫማ ቢሆንም ቅሉ። ኩሽኔታው ግራሶ ካልተቀባ እንደሚጮኽ፥ ጋሪው ጠባብ ሆኖ ከተሠራ በመታጠፊያው ላይ እንደሚገለበጥ ልጁ ማንም ሳያስተምረው ዐውቆታል። ነገር ግን እናት ከበር ብቅ ብላ፥ «ልብስህን አቆሸሽከው፤ ግባና ጥናትህን አጥና!» ስትለው ምርምሩ በዚያው ያበቃል። አባትም የመሣሪያ ሣጥን ያለው እንደ ሆነ ቆልፎ ከቁም ሣጥን ላይ ይሰቅለዋል።

በአውሮጳና በአሜሪካ የሚታይ አንድ ልማድ እዚህ ላይ ብናነሣ ለነገሩ ይጠቅማል። በነዚያ አገሮች አንዳንድ ቤተ ሰቦች ያረጀ ቫን፥ ማለት እኛ ሚኒባስ የምንለውን ዓይነት መኪና ይገዙና፥ ጭቃና ድንጋይ የሚደፍር የጉዞ ቤት አድርገው በገዛ እጃቸው ይሠሩታል። ለዚህ ሥራ ከሚወደዱት አንዱ ቮልስዋገን ሲንክሮ ነው። ይህ መኪና ሞተሩ ከኋላ ሲሆን፥ አራቱም ጎማ እንዲስብ ሆኖ በኦስትሪያ አገር በግራትስ ከተማ በስታይር ዳይምለር ፑክ ፋብሪካ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ቈይቷል። ወደ ፊት ጎማዎች ኃይል የሚያልፈው በወፍራም የሲሊኮን ዘይት ውስጥ በተነከሩ ስስ የብረት ሳሕኖች አማካይነት ነው፤ የኋላው ጎማ ሲንሸራተት ሳሕኖቹ በእኩል ፍጥነት መዞራቸውን ይተዋሉ፤ በመካከላቸው ያለውም ዘይት እየያዘ ኃይሉን ወደ ፊት ያሳልፋል። ሾፌሩ በዚህ ላይ የሚነካው ነገር የለም።

እኛን የሳበን ግን መኪናው ሳይሆን በዙሪያው የሚሰበሰቡት ልጆች ናቸው። የስድስት ዓመቱ ልጅ የተፈታውን ብሎን በቆርቆሮ ጣሳ እየለየ ያስቀምጣል፤ በጣሳውም ላይ ከየት እንደ ተፈታ የሚያሳይ ሥዕል ይለጥፋል። ይህ ቀላል ሥራ መስሎ የሚታየው ብሎን ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ነው። የስምንት ዓመቷ ልጅ ዝገቱን በብሩሽ ትፍቃለች። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ደግሞ የአልጋውን ጣውላ ይለካል፤ ተሳስቶ ሁለት ሳንቲሜትር አሳጥሮ ቢቈርጥ አባትየው አይቈጣም፤ ልጁ ራሱ ከአልጋው ጋር ሲታገል ይውላል እንጂ። ከዚህ ሌላ ሒሳብም አለ። ስፋቱ 65 ሳንቲሜትር የነበረ ጎማ ወጥቶ በቦታው የ72 ሳንቲሜትር ቢገባ፥ የፍጥነት መቍጠሪያው በሰዓት 60 ኪሎሜትር ሲል መኪናው በእውነት የሚሮጠው 66 ኪሎሜትር ያህል ነው። ይህን በወረቀት ላይ አስልቶ ከዚያ በመንገድ ላይ የፈተነ ልጅ ለምን ክፍልፋይ እንደሚማር መምህሩን አይጠይቅም። መኪናውን ከመሬት ከፍ ማድረግም እንደዚሁ ነው። ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩን ያልፋል፤ ለመገልበጥም ይቀርባል፤ ኃይል የሚያስተላልፉት ዘንጎችም ማዕዘናቸው ስለሚበዛ መገጣጠሚያቸው ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ምን ያህል ይበቃል? ይህን ጥያቄ አባትና ልጅ ከመኪናው ሥር ተኝተው ይከራከሩበታል። የብየዳው ሰዓት ሲደርስ ግን ክርክር የለም፤ ብርሃኑ ዓይን የሚያቃጥል ስለ ሆነ ልጆቹ ከዚያ ይርቃሉ።

በዚህ መንገድ የሚተላለፍ ዕውቀት ሩቅ እንደሚሄድ ለማስረዳት ከዚያው ከግራትስ ሳንርቅ አንድ ታሪክ እንጨምር። ሐንስ ሌድቪንካ የተባለው መሐንዲስ በቼኮዝሎቫኪያ በታትራ ፋብሪካ ሲሠራ በ1923 እ.ኤ.አ. ታትራ 11 የተባለውን መኪና አወጣ፤ የመኪናው አከርካሪም በግራና በቀኝ የተዘረጋ ብረት መሆኑ ቀርቶ መሐል ለመሐል የሚያልፍ አንድ ወፍራም ቧንቧ ነበረ። ልጁ ኤሪክ ሌድቪንካ በኋላ በግራትስ ሃፍሊንገርን በ1959፥ ፒንዝጋወርን በ1971 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካው ሥራ ሲያበቃ፥ ለተራራ መንገድ የታሰቡት እነዚህ መኪናዎች የቆሙት በዚያው በአባቱ ቧንቧ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ የመጀመሪያውን ኦቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። የሚያስደንቀው ነገር፥ ዳግማዊ ምኒልክ አንጥረኛውንና ሸማኔውን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ያስነገሩትም በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ኦቶሞቢሉ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺሕ ተባዛ። ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ የሚሞት ሆኖ አልተገኘም፤ መልኩን ለውጦ «ካልተማርክ ጋራዥ ትገባለህ» በሚል የወላጅ ማስፈራሪያ ውስጥ ተሸሽጓል።

ጋራዡ ግን ያለ እኛ ምክር ራሱን አስተምሯል። ለማስረጃ ያህል ቃላቱን ብቻ እንመልከት። ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ማርሚታ፥ ባሌስትራ፥ ላሜራ፥ ክሪክ፥ ኩሽኔታ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያን አፍ ወደ ሠራተኛው አፍ የገቡ ናቸው። መዝገበ ቃላት ያዘጋጀላቸው፥ በፈተና ያወጣቸው የለም፤ ከጌታው ወደ ለማጁ እየተላለፉ እዚህ ደረሱ። በዚሁ መንገድ የሠለጠኑት ሰዎች ናቸው የአይሱዙን ሻንሲ ተቀብለው፥ ላሜራውን በመዶሻ አበጅተው፥ ወንበር ተክለው ሕዝብ የሚያመላልስ አውቶቡስ የሚያደርጉት። ሕዝቡም ስሙን «ቅጥቅጥ» ብሎታል። ቀጥቃጭ መባል ስድብ በሆነበት አገር ቅጥቅጡ ያንኑ ተሳዳቢ ተሸክሞ ጠጠር መንገዱን ይወጣል።

ይህን ስንል ሕፃናት ትምህርታቸውን ትተው ጋራዥ ይዋሉ ማለታችን አይደለም። እንዲህ ብለው የሚተረጕሙን እንዳሉ እናውቃለን። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ዓመት ያልሞላውንም ከአደገኛ ሥራ ይጠብቃል። መልካም ሕግ ነው። ያ በዝናብ ውስጥ ጎማ የለወጠው ልጅ በዚያ ሰዓት መተኛት ነበረበት፤ እኛም በእርሱ ችሎታ ስንደነቅ ይህን መርሳት የለብንም። በልጅ ጉልበት ገንዘብ ማግኘትና ልጅን ሙያ ማስተማር ሁለት ናቸው፤ የሚለያቸውም ሥራው ሲያልቅ ትርፉ በማን ዘንድ እንደሚቀር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩላችን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን። በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ጎማቸው ተንፍሶ፥ ሣር በቅሎባቸው፥ ድመት የምትወልድባቸው መኪናዎች ቆመዋል። ብዙዎቹ ገጠር ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። ቀናቸው ሲደርስ በሐራጅ ይሸጣሉ፤ እስከዚያው ድረስ ግን ዝገት ይበላቸዋል። ከነዚህ አንዱ፥ ባትሪው ወጥቶ፥ ነዳጁ ተቀድቶ፥ በድንጋይ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ቆሞ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሰጥስ? ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ በሙያው ያረጀ መካኒክ ተገቢው ክፍያ ተሰጥቶት ቢመራቸው፥ የፊዚክስ መምህሩም አብሮ እጁን ቢያቆሽሽ፥ ልጆቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ሬሳ ወደ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያደርስ መኪና ያደርጉት ይሆናል። ምናልባትም አያደርጉት ይሆናል፤ ሞተሩ አልነሣም ብሎ ይቀር ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን ሠላሳ ልጆች ክሪክ የት እንደሚደገፍ ያውቃሉ፤ ከሰፈሩ ጋራዥ የሚመጣ ለማጅም በዚያው ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ የማንሻን ሕግ ከመጽሐፉ ሊያነብ ይችላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ በጀት ሳይሆን አንድ የማስተላለፊያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ጽፎ ለፊርማ የሚያቀርበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በንብረት ክፍል የተመደበ፥ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት ሹም ነው። ከመስኮቱ ወደ ጓሮው ቢመለከት መኪናውን ያየዋል።