እርሾው ይቆይ፣ ጋኑ ይታጠብ

የዛሬው ጨዋታችን ከራሴ ጓዳ የወጣ ነው፤ ትንሽ ቢያሳፍረኝም ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል ብዬ አምጥቼዋለሁ።

የምንኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። ጓዳችን ጠባብ ቢሆንም ለበዓልና ለጽዋ የሚሆን ጠላ ራሴ መጥመቅ አልተውኩም። እናቴ የሰጠችኝ ጋን ቤት ስንቀይር ተሰንጥቆብኝ፣ ከዚያ ወዲህ የምጠምቀው ከታች ቧንቧ ባላት ባለ 60 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ነው። በቅርቡ የሚካኤል ጽዋ ተራዬ ደርሶ የጠመቅሁት ጠላ እየተመሰገነ አለቀ። በዚያ ምስጋና ሞቅ ብሎኝ፣ ሦስት ሳምንት ለቀረው የባለቤቴ እህት ልጅ ክርስትና «ጠላውን ለእኔ ተዉት» አልኩ።

ያን ሳምንት ውሃ በፈረቃ ነበር። በርሜሉን በደንብ ላጥብ ብል ያጠራቀምኩት ውሃ ሊያልቅብኝ ነው። ያኔ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ «ለእንጀራ ሳቦካ ቡሃቃው ውስጥ እርሾ አስቀር የለም እንዴ? ያለፈው ጠላ ጥሩ ነበር፤ የቀረው አተላ ለሚቀጥለው ይረዳዋል።» አተላውን ደፋሁ፣ በርሜሉን አንዴ በውሃ አለቀለቅሁ፣ በዚያው ላይ አዲሱን ጥንስስ ጠነሰስኩ።

የክርስትናው ዋዜማ አማቴ መጡ። ክዳኑን ስከፍተው ላዩ ላይ ነጭ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ተኝቷል። ቀዳሁላቸው። አንድ ጊዜ ቀመሱና ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ኮመጠጠ አላሉኝም።

«ልጄ፣ በርሜሉን በምን አጠብሽው?» አሉኝ።

«በውሃ፣ እማማ።»

«በውሃማ እጅም ይታጠባል።»

ከዚያ የበርሜሏን ቧንቧ እንድፈታ አዘዙኝ። «የጋን መብራት» ሲባል የምሰማው ስለተደበቀ አዋቂ ነበር፤ ያን ቀን ግን በስልኬ መብራት በርሜሉ ውስጥ የተደበቀውን ሌላ ነገር አየሁ። ከቧንቧዋ ጎማ ሥርና ከክዳኑ ጠርዝ ውስጥ የሚያሙለጨልጭ ለሐጭ ተጣብቋል። ጠላው ተደፋ። ባለቤቴም በምሽት ቢራና ለስላሳ ፍለጋ ወጣ። ከገንዘቡ በላይ የቆጨኝ የገብሱ፣ የጌሾውና የሁለት ሳምንት ድካሜ ነገር ነው።

ቡሃቃና በርሜል ለምን ይለያያሉ?

ስህተቴ ከእውነት የተነሣ ነበር። እርሾ ከአንዱ ቡኮ ወደ ሌላው መሸጋገሩ ያለ፣ የሚሠራም ዘዴ ነው። ነገር ግን ሊጡ መጨረሻው የጋለ ምጣድ ነው። ቡሃቃው ውስጥ ያልተፈለገ ነገር ቢበቅል እንኳ አብዛኛው እሳቱ ላይ ይሞታል። ጠላ ግን ከፈላ በኋላ እሳት አያየውም፤ በርሜሉ ውስጥ ያደገውን ሁሉ እንዳለ እንጠጣዋለን።

ጠላ ውስጥ የሚኖረው እርሾ ብቻም አይደለም። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ደስ የሚለውን ጥቂት ጎምዛዛነት ይሰጡታል። ሌሎቹ፣ አሴቲክ አሲድ የሚሠሩት፣ አየር ካገኙ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። ጠላ አፉ ተከድኖ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ፣ መጠጡን የሚያበላሹት ከውጭ የሚገቡ ረቂቅ ሕዋሳት መሆናቸውን አስረድቷል። እኔ ያደረግሁት እነዚህን እንግዶች ከነመኖሪያቸው ለሚቀጥለው ጠላ ማቆየት ነበር።

መኖሪያቸው ያ ለሐጭ ነው። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው የሚሠሩት ሽፋን ስለሆነ በማለቅለቅ አይለቅም። በላዩ ላይ በረኪና ብናፈስበት እንኳ ከሥር ያሉትን በደንብ አያገኛቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ መፈግፈግ፣ ጀርም መግደሉ ቀጥሎ ነው።

«ቅራሪስ?» ትሉኝ ይሆናል

ትክክል ናችሁ። ቅራሪ ዋናው ጠላ ካለቀ በኋላ ጋኑ ሳይታጠብ፣ በቀረው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኝ መጠጥ ነው። ነገር ግን ቅራሪ ቀጠን ያለ ነው፣ ቶሎ ተጠጥቶም ያልቃል፤ ለሌላ ሁለት ሳምንት እንዲቆይ ማንም አይጠብቅበትም። ከቅራሪው በኋላ ደግሞ አተላው ወጥቶ ጋኑ ይታጠባል። ሳይታጠብ አዲስ ጥንስስ ይጠንሰስበት ያለ ባለሙያ አላውቅም።

አያቶቻችን ጋን በሳሙና አለማጠባቸው አለማጽዳታቸው አይደለም። ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ሳሙናም ሆነ በረኪና ይጠጣል፤ ሽታውም ወደ ጠላው ይመለሳል። ስለዚህ በግራዋ ቅጠል ይፈገፍጉታል፣ በውሃ ደጋግመው ያጥቡታል። ከዚያም ፍም ላይ የወይራ እንጨት አድርገው፣ ጋኑን አፉን በጭሱ ላይ ደፍተው ያጥኑታል። የወይራው ጭስ ለመዓዛ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። የእንጨት ጭስ ግን ረቂቅ ሕዋሳትን የሚያዳክሙ ነገሮች አሉት፤ ማጠኑ የማጽዳቱ የመጨረሻ ደረጃ ነበር ማለት ነው። እኔ ጋኑን በፕላስቲክ ስተካ ግራዋውንም ወይራውንም ተውኩ፤ በቦታቸው ግን ምንም አላስገባሁም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1922 ከተመሠረተ ወዲህ በአገራችን የፋብሪካ ቢራ አንድ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በዓለም ላይ ያሉ ቢራ ጠማቂዎችም እርሾን መልሶ መጠቀም ያውቁበታል። ከጋኑ ግርጌ የተቀመጠውን ጤናማ እርሾ ሰብስበው ለተከታታይ ጥምቂያዎች ይጠቀሙበታል። ጋኑን ግን በየመካከሉ አጥበው ጀርሙን ያጠፉለታል። የአማቴና የፋብሪካው ሕግ አንድ ነው፦ እርሾው ይሸጋገራል፤ ዕቃው ይታጠባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

*1. ሳይደርቅ አጽዱ።* ጠላው ባለቀበት ቀን አተላውን አውጡና ወዲያው አለቅልቁ። አተላ ከደረቀ በኋላ እጥፍ ውሃና እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ውሃ ካጠራችሁ ያላችሁን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ ሁሉንም በአንዴ ከማፍሰስ ይሻላል።

*2. ፕላስቲክ በሽቦ አይፈተግም።* ሽቦ የሚጭረው ጭረት ለባክቴሪያ ጎጆ ነው። ለስላሳ ስፖንጅ፣ ለብ ያለ ውሃና ሽታው የማይከብድ ሳሙና ተጠቀሙ። ቧንቧዋን ፍቱ፣ ጎማዋን አውጡ፣ የክዳኑን ጠርዝ በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ውስጡ የተጫጫረ ወይም ከታጠበም በኋላ የሚሸት በርሜል ለጠላ አይሆንም።

*3. ካጠባችሁ በኋላ ጀርሙን ግደሉ።* ለፕላስቲክ በርሜል አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጡ። ግድግዳውን፣ ክዳኑንና ቧንቧውን ሁሉ አርሱና 5 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

*4. ጋን ያላችሁ የእናቶቻችሁን መንገድ አትልቀቁ።* ግራዋ፣ ውሃ፣ ወይራ። የማጠኑን ሥራ ግን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ሥሩት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጤስ ፍም ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሰው ይገድላል። የፕላስቲክ በርሜልን ደግሞ በፍም ላይ አትድፉ፤ ይቀልጣል።

*5. እርሾ ማቆየት ከፈለጋችሁ ለብቻው አቆዩት።* ጥሩ ከወጣ ጠላ ግርጌ አንድ ሁለት ጭልፋ ውሰዱና በደንብ በታጠበ የብርጭቆ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አታጥብቁት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጠቀሙበት። የጎመዘዘ ወይም ሻጋታ ያየው ጠላ እርሾ ግን አይቆይም፤ ይደፋል።

*6. አድርቃችሁ አስቀምጡ።* በርሜሉን ደፍታችሁ፣ አየር እንዲገባው ከሥሩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አድርቁ። እርጥብ በርሜል ላይ ክዳን መግጠም እንደገና ማቆሸሽ ነው።

*7. በርሜሉ ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ እወቁ።* ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት በርሜል የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም። አዲስ ስትገዙ የብርጭቆና የሹካ ምልክት ያለበትን ፈልጉ። ያገለገለ ከሆነና ታሪኩን የሚነግራችሁ ካጣችሁ ተዉት።

ጠላ ለማትጠምቁትም ነገሩ ያው ነው። ብርዝ፣ ቀሪቦ ወይም እርጎ የሚቀመጥበት ዕቃ ሁሉ በዚሁ ሕግ ይተዳደራል።

እኔስ? ከክርስትናው በኋላ አማቴ ከግቢያቸው አንድ እቅፍ ግራዋ ይዘውልኝ መጡ፤ «ለፕላስቲኩም ቢሆን አይጎዳውም» ብለው። በርሜሏን አብረን ፈታን፣ አብረን አጠብን። ለሚቀጥለው በዓል የጠመቅሁትን ሳቀዳላቸው ብርጭቆውን አንስተው ቀመሱ። በምን እንዳጠብኩት አልጠየቁኝም። ዝም ብለው ጨረሱና ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጉት።

እስከሚቀጥለው ወር በጤና ቆዩኝ።