ውሃ የሚጠጣ ኮምፒዩተር

መቼም ዘንድሮ የማንሰማው ጉድ የለም። ኮምፒዩተርም ውሃ መጠጣት ጀምሯል! ጌም መጫወቻ ሊገዛ ሱቅ የገባ ወጣት «የውሃው ይሻልሃል፣ የነፋሱ ያረጀ ነው» እየተባለ መብራት የሚያብለጨልጭ ሳጥን ተሸክሞ ይወጣል። እኔ ግን አዲስ አበባ ላይ ለሚጫወት ሰው የነፋሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለመሆኑ ውሃው ሙቀቱን የት ያደርሰዋል? ውሃ ሙቀት አያጠፋም፣ ያጓጉዛል እንጂ። ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ያው ፋን ነው የሚያቀዘቅዘው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን የአየሩ መሳሳት ሁለቱንም ይጎዳል። አቧራውም እንደዚያው። መብራት ሲሄድማ ሁለቱም እኩል ይቀዘቅዛሉ! ደግሞም «የነፋስ» የምንለው በመዳብ ቱቦዎቹ ውስጥ ጥቂት ውሃ አለው። ሲግል ይተናል፣ ሙቀቱን ለክንፎቹ አስረክቦ ይመለሳል። ፓምፕ የሚባል ነገር የለበትም።

ጣጣው ያለው ፓምፑ ላይ ነው። ፋን ቢሞት ሌላ ፋን ገዝቶ መግጠም ነው። ፓምፕ ቢሞትስ? ዕቃው ታሽጎ የመጣ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን መጣል ነው። ውሃውም በዓመታት ውስጥ በቱቦው በኩል በጥቂት በጥቂቱ ይተናል። ቮልስ የነዳ ሰው ይህን ያውቃል። ሞተሯ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ባለ ራዲያተሩ መኪና ዳገት ላይ ፈልቶበት ጄሪካን ሲፈልግ እሷ ታልፈዋለች።

«ከተበላሸ ሌላ ትገዛለህ» የሚለን ነጋዴ የየት አገር ሰው ነው? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ብርን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዚያው ሰሞን ሹማምንቱ 5 ሚሊዮን ኮደር እናሠለጥናለን አሉን። ኮምፒዩተሩን በምን እንደሚገዛው ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

እርግጥ ነው፣ እንደ ኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ያለ እስከ 253 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር ይዞ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው የውሃው ያዋጣል። ለጌም የሚመረጠው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ግን 120 ዋት ነው የተባለለት፤ ጥሩ የነፋስ ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። ጌም ላይ ደግሞ ዋናው እሳት ያለው ከግራፊክስ ካርዱ ነው፤ አርቲኤክስ 4090 ብቻውን 450 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመ ውሃ ለካርዱ ምን ይፈይድለታል? እንዲያውም ቢያፈስ የሚያፈሰው እሱው ላይ ነው።

ስለዚህ የተረፈውን ገንዘብ አየር በደንብ ለሚያስገባ ሳጥንና ለሁለት ተጨማሪ ፋን አውሉት። የለም፣ ውሃውን ነው የምፈልገው ያለ ሰው ካለም፣ ነጋዴው የፓምፑን ዋስትና ደረሰኙ ላይ በእጁ ይጻፍለት።