መስቀላችን በሐርለም



ንግሥት እሌኒ ከተቀበረበት አስቆፍራ ያወጣችውን ቅዱስ መስቀል፣ የግሸንን አምባና የደመራውን ጢስ እያሰብን በምንውልበት በዚህ በዓል፣ ከአገራችን እጅግ ርቆ ስለሚገኝ አንድ የኢትዮጵያ መስቀል ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። መስቀሉ የሚገኘው በኒውዮርክ ከተማ፣ የጥቁር አሜሪካውያን መናኸሪያ ሆኖ በኖረው በሐርለም ሠፈር፣ “አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች” በሚባለው ቤተ ጸሎት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ያበረከቱት ሲሆን፣ ምእመናኑም የማኅበራቸው ምልክት አድርገውታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኛን ሃይማኖት የማይከተል ማኅበር ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በአገራችን ስም ሲጠራ መኖሩ፣ ይህንኑ በሰሙት ወገኖቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት ስሜት ሲያሳድር ይታያል። አንዳንዶቹ “ስማችን የት ደረሰ!” ብለው ይኮራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ “ከመናፍቃን ጋር ምን አገናኘን?” ብለው ያዝናሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ አልፈውታል። ማኅበሩ በዚህ ስም ምን ሲሠራበት ኖረ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከመቀመጫ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኒውዮርክ በነበረው የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ጸሎት፣ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው በሰገነት ላይ እንዲቀመጡ ይገደዱ ነበር። የማኅበሩ ትውፊት እንደሚናገረው፣ ለንግድ ወደ ከተማዪቱ የመጡ ኢትዮጵያውያን ይህን ሥርዓት አንቀበልም ብለው ከጥቁር አሜሪካውያን ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ጋር ወጡ። ቶማስ ፖል የተባለው ጥቁር ሰባኪም ከቦስተን መጥቶ አደራጃቸው። በ1808 የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው በጥንታዊት ክርስቲያን አገር ስም “አቢሲኒያ” ብለው ሰየሙት።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው ዘመኑን ነው። በኒውዮርክ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1827 ነው። እነዚህ ሰዎች ከሰገነቱ በወረዱበት ጊዜ ገና በዚያችው ከተማ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥና ይለወጥ ነበር። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ባለጠጋ ከፊት፣ ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ ከእግር በታች የሚያስቀምጡ ክርስቲያኖችን አጥብቆ ይገሥጻል። የ1808ቱ ምእመናን ያን ተግሣጽ በቃል ብቻ አላነበቡትም፤ ተነሥተው ወጡበት።

ስለ ሃይማኖቱ ልዩነት መሸፋፈን አይገባም። ባፕቲስቶች ጥምቀት በራሱ አንደበት አምኖ ለመሰከረ ሰው ብቻ ይገባል ብለው ሕፃናትን አያጠምቁም፤ እኛ ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን እናጠምቃለን። ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያንን ሰባት ብለው አይቈጥሩም፣ የቅዱሳንን አማላጅነት አይቀበሉም፣ መጋቢያቸውንም ጉባኤው ራሱ በድምፅ ይመርጣል። ይህ ልዩነት በአንድ የበዓል ዓምድ የሚታረቅ አይደለም፤ ለማስታረቅም አልተነሣሁም። ይሁን እንጂ ጃንደረባው ባኮስ በጋዛ መንገድ የተጠመቀው በፊልጶስ እጅ መሆኑን፣ ፊልጶስም ማዕድ እንዲያገለግሉ ከተመረጡት ከሰባቱ አንዱ እንደነበረ እናውቃለን። የሰባቱ ምርጫ የተደረገውም በዕለታዊው ዕደላ መበለቶች ቸል በመባላቸው ነው። የዲቁና መዓርግ ራሱ ከእንጀራ አከፋፈል ጥያቄ ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐርለም በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት አላት። አዳም ክሌይተን ፓወል አባት በ1908 መጋቢ ሆኖ ተሾመ፤ ማኅበሩንም ወደ ሐርለም አምጥቶ፣ አሁን የሚገኝበትን ታላቅ ሕንፃ በ1923 አስመረቀ። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። በሐርለም ሥራ ያጣው፣ ከቤቱ የተባረረው፣ በየመንገዱ የሚራበው በዛ። ፓወል በ1930 ክረምት “የተራበ አምላክ” በሚል ርእስ ሰበከ፤ ከስብከቱም ጋር የአራት ወር ደመወዙን ለሥራ አጦች ርዳታ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ በቤተ ጸሎቱ የነፃ ምግብ ማደያ ተከፈተ፤ ልብስና ማገዶም ይታደል ጀመር። ዕደላውን ይመራ የነበረው ወጣት ልጁ ነበር። ለሕንፃው ያን ያህል የደከመ መጋቢ የሕንፃውን ምድር ቤት ለተራበ ሰው ወጥ መሥሪያ ማድረጉ ይህን ጸሐፊ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀዋል።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ዓመት ዲትሪሽ ቦንሆፈር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የነገረ መለኮት ሊቅ ለትምህርት ኒውዮርክ መጥቶ፣ በዚህ ቤተ ጸሎት በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ ሂትለርን በመቃወሙ በ1945 በስቅላት ተገድሏል።

በ1937 አባቱን የተካው አዳም ክሌይተን ፓወል ልጅ ዐደባባዩን መረጠ። በ1941 ጥቁሮችን በሹፌርነት አንቀጥርም ባሉት የኒውዮርክ አውቶቡስ ኩባንያዎች ላይ ሕዝቡ እንዳይሳፈር አስተባብሮ፣ ኩባንያዎቹ ጥቁር ሹፌሮችንና መካኒኮችን እንዲቀጥሩ አስገደደ። በ1944ም የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ይህ ጸሐፊ ካህን ምክር ቤት ሲገባ ደስ አይለውም፤ መንበረ ስብከትና የፖለቲካ መድረክ ሲደባለቁ የሚጎዳው መንበረ ስብከቱ ነው ብዬ አምናለሁ። የፓወልም የኋላ ዘመን በክርክርና በክስ የተመላ ነበር። የአውቶቡሱን ሥራ ግን ማንም አይነቅፈውም።

እኛም ውለታ አለብን። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ የሐርለም ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ ድምፁን ለማሰማት ከተሰበሰበባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ቤተ ጸሎት ነበር። አገራችንን በዓይናቸው ያላዩ፣ ራሳቸው የዕለት እንጀራ ያጠራቸው ሰዎች ስለ እኛ ጮኹ። የ1954ቱ መስቀል በተሰጠ ጊዜ ይህ ሁሉ ከኋላው ነበረ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ስማችን በኒውዮርክ የእኩልነት ዓርማ ሆኖ ሲውለበለብ፣ በገዛ አገራችን ሰው ይሸጥ ነበር። ባርነት በኢትዮጵያ ፈጽሞ በሕግ የተሻረው በ1942 ነው፤ ኒውዮርክ ከሻረችው ከ115 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ማረሻችንን የሚቀጠቅጠውን፣ ጋናችንን የምትሠራውን፣ ጥበባችንን የሚሸምነውን “ቡዳ” እያልን ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል። ይህ ስድብ ዛሬም ከየመንደሩ አልጠፋም። የሐርለም ምእመናን በሩቁ ሆነው የሰየሟት አቢሲኒያ ማንም በሰገነት የማይቀመጥባት አገር ነበረች። እንዲህ ያለችውን አገር እኛ ገና አልሠራናትም፤ በሐርለም ስም ለመኩራት የሚቸኩለው ወገናችን ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ።

ቅሬታ ላለውም ወገን የምለው አለኝ። ፕሮቴስታንት የሆነውን ሁሉ “መጤ” እያልን ስንጠራ ክርክሩን ያሸነፍን ይመስለናል። ነገር ግን ከየአጥቢያችን የወጣ ወጣት ለምን እንደወጣ ቢጠየቅ፣ ስለ ነገረ መለኮት የሚመልስ ጥቂት ነው። ብዙው የሚናገረው በታመመ ጊዜ ማን እንደጠየቀው፣ በራበው ጊዜ ማን እንዳበላው ነው። ይህ መልስ በእኛ በአገልጋዮቹ ላይ የሚወድቅ ነው።

ምግባረ ሠናይ ለእኛ እንግዳ ነው አልልም። ሰንበቴያችንና ጽዋችን የድኻ ማዕድ ነበሩ፤ የቆሎ ተማሪውም የኖረው በምእመናን ቍራሽ ነው። ዛሬ ግን በብዙ አጥቢያ የሰንበቴው ዳቦ በአባላቱ መካከል ተቈርሶ ያልቅና ነዳያኑ ከቅጽሩ ውጭ ይቀራሉ። የጠቅላይ ቤተ ክህነቱ የልማትና የተራድኦ ኮሚሽን የሚሠራው ሥራ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የአጥቢያውን ሥራ ሊተካ አይችልም። ሐርለምን ያስከበራት አጥቢያው ራሱ ነው። በ1989 ያው ማኅበር የልማት ድርጅት አቋቁሞ በፈራረሱ ቤቶች ምትክ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች መኖሪያ አሠርቷል፤ ለሠፈሩ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈትም አድርጓል። በዚያው ዓመት መጋቢ የሆኑትና በ2022 ያረፉት ካልቪን በትስ፣ በአገራችን ሁለት ሺሕኛው ዓመት በተከበረበት በ2007 ከመቶ ሃምሳ የማያንሱ ምእመናኖቻቸውን አስከትለው ኢትዮጵያን ጎብኝተዋል።

እንግዲህ የእያንዳንዱ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ከደመራው ማግስት በሚያደርገው ስብሰባ የዓመቱን በጀት ሲያጸድቅ፣ ለጕልላቱና ለዐውደ ምሕረቱ ማሠሪያ ከሚመደበው ገንዘብ ጎን ለምግብና ለተማሪ ደብተር የሚውል አንድ ቍርጥ ያለ መደብ እንዲያስገባ እጠይቃለሁ። ሒሳቡም እንደ ሕንፃው ሒሳብ በዐውደ ምሕረት ይነበብ። በመስቀል ዕለትም ሰንበቴው ሲዘረጋ፣ ከቅጽሩ ውጭ የተቀመጡት ነዳያን ገብተው ከማኅበሩ አባላት መካከል በአንድ ምንጣፍ ይቀመጡ።