ለጠላም ሚዛንና ጽሑፍ ይገባዋል

ቢራ ጠምቆ የማያውቅ እንግሊዛዊ ዛሬ ሱቅ ገብቶ አንድ የጠመቃ ኪት ቢገዛ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ተከትሎ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የራሱን ቢራ ለእንግዳ ማቅረብ ይችላል። ጠላ ጠምቃ የማታውቅ የአዲስ አበባ ወጣት ግን ገበያ ወጥታ ብቅሉንም ጌሾውንም ብታገኝ፣ የቱን ያህል ከየቱ ጋር፣ በስንት ውኃ፣ መቼ እንደምታዋህድ የሚነግራት ጽሑፍ አብሮ አይሸጥላትም። የምታውቅ እናት ወይም አክስት አጠገቧ ካለች ትማራለች፤ ከሌለች ይቀርባታል። ስለዚህ ለጠላም ጀማሪን ከመጀመሪያው ጥንስስ እስከ መጠጫው ቀን የሚመራ፣ ተመዝኖ የታሸገና ተጽፎ የተብራራ ኪት ሊዘጋጅለት ይገባል እላለሁ። ይህን የምለው ጠላን ዘመናዊ ለማስመሰል አይደለም። ሙያው ከባለሙያዎቹ ጋር አብሮ እንዳይቀበር የሚያደርግ የተፈተነ መንገድ ስለሆነ ነው።

የቢራው ኪት እንዴት እንደሚያስተምር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ዋናው ዕቃ 1.7 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ያለው የገብስ ብቅል ጭማቂ ውኃው እንዲተን ተደርጎ እንደ ማር የወፈረ ሲሆን፣ መራራነቱን የሚሰጠው ሆፕ አስቀድሞ ገብቶበታል። ከክዳኑ ሥር ጥቂት ግራም ደረቅ እርሾ በትንሽ ከረጢት ተቀምጧል። ጀማሪው ባልዲውን በፀረ ጀርም ያጥባል፣ ጭማቂውን ከአንድ ኪሎ ያህል ስኳር ጋር በፈላ ውኃ ያሟሟል፣ ከዚያም ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሮ 23 ሊትር ያህል ያደርሰዋል። እርሾውን የሚበትነው ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ነው። ከሳምንት በኋላ ሃይድሮሜትር የተባለውን መለኪያ ይነክራል፤ በመጀመሪያው ቀን 1.040 አካባቢ የነበረው ንባብ 1.010 አካባቢ ደርሶ ለሁለት ቀን ካልተንቀሳቀሰ፣ እርሾው ስኳሩን በልቶ ጨርሷል ማለት ነው። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ያሽገውና ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቃል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጠመቃው ከባድ ክፍል፣ ማለትም እህሉን ማብቀልና በብቅሉ ኃይል ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ፣ በፋብሪካ አልቆ መጥቷል። ለጀማሪው የቀሩለት ንጽሕና፣ ሙቀትና ትዕግሥት ናቸው። የብዙ ጀማሪ ስሕተትም ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም። ባልዲው በደንብ ካልታጠበ ቢራው ይኮመጥጣል። ክፍሉ ከሞቀ እርሾው ይቸኩልና ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ ራስ የሚያሳምም መጠጥ ያወጣል። መብላላቱ ሳያልቅ ከታሸገ ወይም ስኳሩ ከበዛ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ኪቱ ሌላውን ሸክም ስላነሳለት ጀማሪው የጥፋቱን ምክንያት ለይቶ ያያል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያርማል።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ታሪክ ያሳያል። እንግሊዝ ውስጥ ቢራ ቤት ውስጥ ለመጥመቅ ፈቃድ ማውጣት የግድ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1880 በወጣ ሕግ ነበር፤ ግዴታው የተነሳው በ1963 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ ባቀረቡት በጀት ነው። ከዚያ በኋላ ኪቱ በየሱቁ የሚሸጥ ተራ ዕቃ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 የፈረሙት ሕግ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን ቢራ ያለ ቀረጥ መጥመቅን ፈቀደ፤ መሸጥን ግን ከለከለ። በዚያ ዘመን የአገሪቱ ቢራ ፋብሪካዎች ከመቶ በታች ነበሩ፤ ዛሬ ከ9 ሺህ በላይ ናቸው። ለዚህ ዕድገት ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፤ ነገር ግን ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ሙያውን የጀመሩት በቤታቸው ባልዲ እንደሆነ የታወቀ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1980 ቢራ መጥመቅ የጀመረው የሲየራ ኔቫዳ ቢራ ፋብሪካ መሥራች ኬን ግሮስማን ቀድሞ የቤት ጠመቃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው። በቀላሉ የተጀመረ ሙያ ወደ ጥልቁ የሚዘልቁ ሰዎችን ያፈራል።

አሁን ወደ ጠላ እንምጣ። ጠላ ከኪት ቢራ ይልቅ ብዙ ዕውቀት ይጠይቃል። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ በቅሎና ደርቆ ይፈጫል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የጌሾው ቅጠል ተወቅጦ በውኃ ተጠንስሶ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ብቅሉ፣ በምጣድ የታመሰው ደረቆትና የጌሾው እንጨት ተጨምረው ድፍድፉ ይዘጋጃል፤ በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይመረጋል። እህሉም ቅደም ተከተሉም እንደየአገሩ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ዳጉሳ፣ ሌላው ጋ ማሽላ ወይም በቆሎ ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እርሾ የሚባል ነገር ለብቻው አይጨመርም። ጠላውን የሚያፈሉት እርሾዎችና የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ከእህሉ፣ ከጌሾውና ከዕቃው የሚመጡ ናቸው። ይህን ያህል ሕይወት ያለውን ሥራ የሚመራው እስከ ዛሬ የጠማቂዋ ዓይን፣ አፍንጫና እጅ ነው። መጠኑ ሲጠየቅ መልሱ «ዓይንሽ ይንገርሽ» ነው።

ዓይን የሚያስተምረው ግን አብሮ የሚኖርን ሰው ነው። ዛሬ ልጆች ትምህርትና ሥራ ፍለጋ ቀድመው ከቤት ይወጣሉ፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ጋን ማሳረፊያም፣ ወይራ ማጨሻም የለም። ዋሽንግተን አካባቢ የኢትዮጵያውያን ሱቅ ውስጥ ጌሾ ይገኛል፤ የሚጎድለው ከጎን ቆሞ የሚያሳይ ሰው ነው። በቃል የሚተላለፈው ምክር ራሱ ቦታ ሲለወጥ ይዛባል። ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራው የቀን ቁጥር ለመተማ ሙቀት አይሆንም፤ ማሞቂያ ለተከፈተበት የሚኒሶታ አፓርታማም እንዲሁ። የቢራው ኪት የሚያስተምረን አንዱ ቁም ነገር ከቀን ቁጥር ይልቅ ዲግሪን መከተልን ነው። ስለዚህ የጠላው ኪት የተመዘነ ብቅል፣ ቅጠሉና እንጨቱ የተለየ ጌሾና የደረቀ ደረቆት ይይዛል። ወረቀቱ ደግሞ በየደረጃው ምን መታየት፣ ምን መሽተትና በስንት ዲግሪ መሆን እንዳለበት ይናገራል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሱት የመጀመሪያው ነጥብ ሁሉም ጠላ አንድ ዓይነት ይሆናል የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት አለው፤ የአንዱ ቤት ጠላ ከሌላው መለየቱ የጠላ ትልቁ ሀብት ነው። ነገር ግን ልዩነቱን የሚያጠፋው የመጠኑ መጻፍ ሳይሆን የጠማቂው መጥፋት ነው። ኪቱ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የሸዋ እየተባለ በየአገሩ ቢዘጋጅ፣ የትግራዩ ስዋና የኦሮሞው ፋርሶም የየራሳቸውን ቢያገኙ፣ ዛሬ በአንድ መንደር የሚታወቀው ልዩነት በጽሑፍ ይያዛል። ከፋብሪካ የወጣ እርሾም እንዳይገባበት እመክራለሁ፤ ሥራውን ቢያቀልም ጠላን ጠላ ያደረገውን የተፈጥሮ ስብጥር ይተካልና። ጀማሪው አንድ ጊዜ መሠረቱን ከያዘ በኋላ ደረቆቱን አጥቁሮ፣ ጌሾውን ቀንሶ የራሱን መልክ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠላ ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችን ገበያ ይነካል የሚል ነው። ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ኪት የሚገዛው ግን ጠላ ቤት የሚሄደው ደንበኛ ሳይሆን፣ ለበዓል ቤቱ ጠላ ጠምቆ ማየት የናፈቀው ሰው ነው። ዋናው ጥያቄ ኪቱን የሚያዘጋጀው ማን ነው የሚለው ነው። አንድ ባለ ገንዘብ ዕውቀቱን ወስዶ ቢያሽገው በደል ይሆናል። ጠማቂ እናቶች በማኅበር ተደራጅተው ብቅሉንና ደረቆቱን እነሱ ቢያዘጋጁ፣ ንግዱም በስማቸው ቢሆን ግን ዛሬ በጣሳ ከሚሸጡት ሌላ የማይበላሽ፣ ሩቅ አገር የሚላክ ሁለተኛ ገቢ ያገኛሉ። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የምግብ ሳይንስ ክፍሎች ድርሻ ልኬቱን ማገዝና ንጽሕናውን መፈተሽ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የአልኮል ጉዳት ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮልን በብሮድካስት ማስተዋወቅንና ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን መከልከሉ ትክክል ነበር። የጠላ ኪትም በዚሁ ሕግ ሥር መተዳደር አለበት፤ አልኮል መሆኑ፣ ለልጅና ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ በጉልህ ይጻፍበት። ከዚያ ውጪ ግን ለመስከር የፈለገ ሰው ጌሾ ጠንስሶ፣ ጋን አጥኖ ቀናት አይጠብቅም፤ ፈጣንና ጠንካራ መጠጥ በየሱቁ ሞልቶለታል። ቀናት የወሰደ፣ ለጎረቤትና ለዘመድ የተሰናዳ ጠላ መጠጣትን ከማኅበር፣ ከልክና ከበዓል ጋር ያስተሳስራል።

ስለዚህ ሥራው በፋብሪካ ሳይሆን በልኬት ይጀመር። በየአካባቢው የተመሰከረላቸው ጠማቂዎች በለመዱት መንገድ ሲጠምቁ፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ከእጃቸው የሚወጣውን እያንዳንዱን እፍኝ ይመዝን፣ የጋኑን ሙቀት ይለካ፣ የሚሉትን ይጻፍ፤ ስማቸውም በፈቃዳቸው አብሮ ይስፈር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ደብተር ነው፤ ወጪው ትንሽ ነው፤ የቀረው ጊዜ ግን አጭር ነው። ኪቱ በኋላ ይደርሳል፤ ያልተመዘነ ሙያ ግን ባለቤቱ ካለፈች በኋላ በምንም ገንዘብ አይመለስም።